ሕፃናት ሲተኙ ፊታቸው አየር ያግኝ

በመጠለያው ሬዲዮ የጤና ፕሮግራም የተላለፈ ትምህርት፤ ሞያሌ፣ ማንያታ

በሬዲዮ ያስተላለፍነው ትምህርት በጽሑፍ እንዲወጣ በርካታ እናቶች ስለጠየቁን እነሆ አሳትመነዋል። ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ ጮክ ብላችሁ ብታነቡላቸው ደስ ይለናል። አባቶችም እንድትሰሙት አደራ እንላለን፤ ከዚህ በታች ከተጻፈው ግማሹ ያለ እናንተ አይሠራምና።

ስለ ልጅ እንቅልፍ ደግሞ ምን ትምህርት ያስፈልጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ልጅ ተኛ ማለት እናት ዐረፈች ማለት ነው። ልብስ የምታጥበው፣ ውሃ የምትቀዳው፣ ራሽን ለመቀበል የምትሰለፈው፣ ከተገኘም አንድ ሲኒ ቡና የምትጠጣው ልጁ ሲተኛ ነው። ነገር ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ መሠረት እስከ 3 ወር ያለ ሕፃን ከ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት መተኛት አለበት። ከ4 እስከ 11 ወር ያለው ደግሞ ከ12 እስከ 16 ሰዓት። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍነው፤ ሞያሌ ላይ ሁለቱም አቆጣጠር ስለሚሠራ እንዳንደናገር ነው።) እንግዲህ ሕፃን የሕይወቱን የመጀመሪያ ወራት በአብዛኛው የሚያሳልፈው ተኝቶ ነው።

የሁለት ወር ሕፃን ፊቱ ላይ የወደቀበትን ነጠላ አንስቶ መጣል አይችልም። አፍንጫው ስፖንጅ ውስጥ ሲቀበር ራሱን ቀና ማድረግ አይችልም። ቤቱ በከሰል አየር ሲታፈን ተነስቶ መውጣት አይችልም። ዛሬ የምንነግራችሁ ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው፤ ተኝቶ ያለ ሕፃን ፊቱ ምንጊዜም ንጹሕ አየር ማግኘት አለበት።

በጀርባ ማስተኛት

ሕፃን በተኛ ቁጥር፣ ቀንም ሆነ ሌሊት፣ በጀርባው ይተኛ። በሆዱም በጎኑም አይሁን። በጎኑ የተኛ ሕፃን ትንሽ ሲንቀሳቀስ ተገልብጦ በሆዱ ይሆናል። አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ እንዲህ ማስተኛት ይገባል።

ይህን ስንል ብዙ እናቶች ይደነግጣሉ። «እናቴ በሆዴ ነው ያስተኛችኝ፤ ሆዱን ሲነፋው በሆዱ ሲተኛ ነው የሚቀለው» ይሉናል። እውነት ነው፣ በሆዱ የተኛ ሕፃን ጭልጥ አድርጎ ይወስደዋል። አደጋውም እዚያ ላይ ነው። አየር ሲያንሰው ነቅቶ ማልቀስ የሚገባው ሕፃን እንቅልፉ ስለሚከብድ ሳይነቃ ይቀራል።

በዚህ ጉዳይ የተሳሳቱት እናቶች ብቻ አይደሉም። በአውሮፓና በአሜሪካ ሐኪሞች ራሳቸው ለብዙ ዓመታት «በሆዱ አስተኙት» እያሉ ሲመክሩ ኖረዋል። በኔዘርላንድስ ይህ ምክር በ1970ዎቹ ከተስፋፋ በኋላ ተኝተው በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ጨመረ። በ1987 ምክሩ ተገለበጠ፤ ሞቱም ወዲያው መቀነስ ጀመረ። እንግሊዝ በ1991፣ አሜሪካ በ1994 «በጀርባ አስተኙ» የሚል ዘመቻ አካሄዱ። በአሜሪካ በእንቅልፍ ላይ በድንገት የሚሞቱት ሕፃናት በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከግማሽ በላይ ቀነሱ። ለዚህ አዲስ መድኃኒት አልተገኘም፣ አዲስ ማሽንም አልተገዛም። ሕፃኑን ገልብጦ ማስተኛት ብቻ ነበር። ያለ ገንዘብ ይህን ያህል ልጅ ያተረፈ ምክር ብዙ አይገኝም፤ እኛም ጋ ያለ ገንዘብ ይሠራል።

«በጀርባው ተኝቶ ሲያስመልሰው ትን ብሎት ቢታነቅስ?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ይቀርብልናል። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ረጋ ብለን እንመልሰው። በአንገታችን ውስጥ ሁለት ቱቦዎች አሉ፤ የምግብና የአየር። ሰው በጀርባው ሲተኛ የአየር ቱቦው ከላይ፣ የምግብ ቱቦው ከታች ይሆናል። ከሆድ ተመልሶ የመጣው ወተት ወደ ላይ ካልወጣ በቀር አየር ቱቦ ውስጥ አይገባም፤ ፈሳሽ ደግሞ ወደ ታች እንጂ ወደ ላይ አይፈስም። በሆዱ ሲተኛ ግን የአየር ቱቦው ከታች ስለሚሆን ወተቱ በቀላሉ ወደዚያ ሊወርድ ይችላል። ጤነኛ ሕፃን በጀርባው ተኝቶ ሲያስመልሰው ይውጠዋል ወይም ይስለዋል። ከጠባ በኋላ ትከሻችሁ ላይ አድርጋችሁ ጀርባውን መታ መታ በማድረግ አግሱት፤ ከዚያ በጀርባው አስተኙት።

ከ4 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ልጁ ራሱ መገላበጥ ይጀምራል። ከጀርባ ወደ ሆድ፣ ከሆድ ወደ ጀርባ በደንብ መዞር ከቻለ በጀርባው አስተኝታችሁት ሌሊት ራሱ ቢገላበጥ እየተነሳችሁ መመለስ አያስፈልጋችሁም። ነቅቶ ሳለና እያያችሁት ግን በቀን ጥቂት ጥቂት ጊዜ በሆዱ አድርጉት፤ አንገቱና ትከሻው ይጠነክራል፣ የራሱም የኋላ ክፍል ጠፍጣፋ አይሆንም።

በዚሁ አጋጣሚ ስለ አንድ ከባድ ነገር እንናገር። ጤነኛ የነበረ ሕፃን ተኝቶ በድንገት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ይህ ይበልጥ የሚደርሰው ከ2 እስከ 4 ወር ባለው ዕድሜ ነው፤ ከ6 ወር በኋላ እየቀነሰ ይሄዳል። በሀብታም አገሮች፣ ሐኪም መርምሮት እንኳ፣ ምክንያቱ ሳይገኝ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እኛ ጋ ግን ወዲያው ምክንያት ይሰጠዋል። ቡዳ በላው ይባላል፣ ምች መታው ይባላል፣ ከሁሉም የሚከፋው «እናቱ ተጭናው ነው» ይባላል። ልጅ ደጋግሞ የሞተባት ሴት ደግሞ «ሾተላይ አለባት» ተብላ ከትዳሯ የምትወጣበት ጊዜ አለ። ሾተላይ የሚለውን ቃል ዛሬ ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል፤ የእናትና የፅንስ ደም ባለመስማማቱ የሚመጣ ችግር ነው፤ በደም ምርመራ ይታወቃል፣ መርፌም አለው። ልጅ ደጋግሞ የሞተባት እናት ካለች ወደ ጤና ባለሙያ አምጧት። ሐዘንተኛ እናትን በልቅሶ ቤት «እንዴት አድርገሽ ነው ያስተኛሽው?» ብሎ መጠየቅ ግን በየትኛውም ወገን ባህል ነውር ነው። ጥያቄው የሚጠቅመው ልጁ በሕይወት ሳለ፣ ዛሬ ማታ ነው።

ሁላችንም አንድ ፍራሽ ላይ ስንሆን

ከውጭ የሚመጡ የጤና መጻሕፍት «ሕፃኑን ለብቻው በአልጋው አስተኙት» ይላሉ። መጠለያ ውስጥ ይህን ለሚያነብ ሰው ቀልድ ነው የሚመስለው። አንድ ሸራ ሥር አምስት ስድስት ሰው ይተኛል፤ ፍራሽ ከተገኘ አንድ ነው፣ ካልተገኘ ሰሌንና ብርድ ልብስ ነው።

ደስ የሚለው ነገር ከመጽሐፉ ምክር ዋናው ክፍል እኛ ጋ ድሮውኑ አለ። ሕፃን ቢያንስ 6 ወር እስኪሞላው ከእናቱ ጋር በአንድ ክፍል እንዲተኛ ዛሬ በሀብታም አገሮችም ይመከራል፤ ከአደጋ ይጠብቀዋልና። ጡት መጥባትም ይጠብቀዋል፤ ሌሊት የሚጠባ ሕፃን ቶሎ ቶሎ ይነቃል፣ እናቱም አብራው ትነቃለች። ሌላም አለ። መሬት ላይ የተነጠፈ ጠንከር ያለ ሰሌን ከለስላሳ ስፖንጅ ይልቅ ለሕፃን ይሻላል። ስፖንጁ ቢያዝንም (የተቀበለው ሰው ደስ ብሎት ነው) ሕፃኑ የሚተኛበት ክፍል ግን ሲጫኑት የማይጎደጉድ ይሁን። ትራስ አያስፈልገውም። ከጎኑ የልብስ ጥቅል፣ የዱቄት ከረጢት፣ የተቆለለ ብርድ ልብስ አይቀመጥ፤ ሲንሸራተት ይቀብረዋል።

አብሮ መተኛቱ ካልቀረ ቦታውን እናስተካክል። ሕፃኑ በእናቱ ጎን ይሁን፣ በእናትና በአባት መካከል አይሁን። ታላላቅ ልጆች ከእሱ አጠገብ አይተኙ፤ የአራት ዓመት ልጅ ሲተኛ የት እንደሚንከባለል አያውቅም። ሕፃኑ በዳር ሲሆን በፍራሹና በሸራው ወይም በግድግዳው መካከል የሚገባበት ክፍተት እንዳይኖር ፍራሹን ሳብ አድርጉት። እናት በጎኗ ፊቷን ወደ ሕፃኑ አዙራ፣ ጉልበቷን ከእግሩ በታች አጠፍ አድርጋ ትተኛ፤ እንዲህ ከሆነች ወደ እሱ መገልበጥ አይቻላትም። የእናትየው ጋቢና ብርድ ልብስ ሕፃኑ ላይ እንዳይመጣ ለእሱ ለብቻው ስስ ጨርቅ እስከ ደረቱ አልብሱት፤ ጫፉንም ከሰሌኑ ሥር አጥፉት።

አንዳንድ ሰው ግን ከሕፃን ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ፈጽሞ መተኛት የለበትም። መጠጥ የጠጣ አይተኛ። ሌሊቱን ጫት ቅሞ ከምርቃና ሲወርድ ድንጋይ ሆኖ የሚተኛ፣ በተለይ ለጨብሲ የጠጣ ሰው አይተኛ። ሞያሌ የጫት መተላለፊያ ናትና ይህን መደበቅ አያስፈልግም። የሚያስተኛ መድኃኒት የወሰደ፣ በትኩሳት የሚቃጠል፣ ሲጋራ የሚያጨስ ሰውም እንዲሁ። ሕፃኑ ያለ ቀኑ የተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2.5 ኪሎ በታች የነበረ ከሆነ ደግሞ ማንም ከእሱ ጋር በአንድ ምንጣፍ ባይተኛ ይመረጣል። ወንበር ላይ ተደግፎ ሕፃን ታቅፎ ማንቀላፋት ከሁሉም የባሰ ነው።

እንግዲህ የት ይተኛ? ከኒውዚላንድ አንድ የሚቀዳ ነገር አለ። ማኦሪ የሚባሉት የአገሩ ነባር ሕዝቦች እንደ እኛ ከሕፃናቶቻቸው ጋር አብረው መተኛት ልማዳቸው ነው። «ተዉ» ተባሉ፤ አልተዉም። በኋላ፣ በ2006፣ ከሣር ዓይነት ቅጠል የተሠራ ጥልቀት የሌለው ቅርጫት ተዘጋጀላቸው። ሕፃኑ ከወላጆቹ ጋር እዚያው መኝታ ላይ ይተኛል፣ ግን በቅርጫቱ ውስጥ ነው። ክንድም ጋቢም አይደርስበትም፤ እናት እጇን ዘርግታ ትነካዋለች። በ2011 በክራይስትቸርች ከተማ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜም የዚሁ ዓይነት የፕላስቲክ ሣጥን ከቤታቸው ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ታድሏል።

ሰፌድና መሶብ የሚሰፋ እጅ ባለበት ሕዝብ ይህ አይከብድም። ሰፊ፣ ከታቹ ጠፍጣፋ፣ ጠርዙ አንድ ስንዝር የሚሆን ቅርጫት ይበቃል። ካልተገኘ ደረቅ ጠንካራ ካርቶን ወይም ሕፃኑ ተዘርግቶ የሚተኛበት ትልቅ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ታጥቦ ይሠራል። ውስጡ አንድ እጥፍ ጨርቅ ብቻ ይነጠፍ፤ ክዳን አይኑረው። እሳት አጠገብና ከፍ ያለ ነገር ላይ አታስቀምጡት።

ስለ መሸፋፈንና ስለ ማዘል

ሕፃንን ከሰው ዓይንና ከንፋስ ለመከለል ፊቱን በነጠላ መሸፈን በእኛ ዘንድ የቆየ ነው። ሌሊት ከሚያስመጣው ጉዳት አንጻር ይህን ልማድ ብንተወው ይሻላል ብዬ አምናለሁ። ከዓይን የሚሰጉ እናቶች ሕፃኑን ሰው ከሚበዛበት ያርቁት፣ ፊቱ ግን ይከፈት። ሕፃን ሙቀቱን በብዛት የሚያወጣው በራሱና በፊቱ በኩል ነው፤ ቤት ውስጥ ሲተኛ ቆብ አያስፈልገውም። (አዲስ የተወለደና ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነ ባለሙያ ያዘዛችሁን ተከተሉ።) ሸራ ቤት ከቀትር በኋላ እንደ ምጣድ ይግላል፤ ያን ጊዜ ስስ ቀሚስ ብቻ ይበቃዋል። ቦረናዎች አዶሌሳ በሚሉት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባለው ቀዝቃዛ ወቅት እናንተ ከለበሳችሁት አንድ ድርብ ጨምሩለት። በርዶት እንደሆነ ለማወቅ እጅና እግሩን አትንኩ፣ እነሱ ሁልጊዜ ቀዝቀዝ ይላሉ። ማጅራቱን ወይም ደረቱን ንኩ። ላብ ካለው ሞቆታል፣ አንድ ልብስ ቀንሱ።

በአንቀልባም ሆነ በሌሶ ታዝሎ መተኛት መልካም ነው። ነገር ግን ገና አንገቱ ያልጠና ሕፃን ሲታዘል አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ የአየር ቱቦው ሊታጠፍ ይችላል። እሱን ከፊት ታቅፎ መያዝ ይሻላል። ስትታቀፉት ፊቱ ይታያችሁ፤ በአገጩና በደረቱ መካከል ሁለት ጣት የሚያስገባ ቦታ ይኑር። ከኋላ ያዘላችሁትን በየጊዜው ሌላ ሰው ፊቱን እንዲያይላችሁ ጠይቁ፤ ከላይ የደረባችሁት ጋቢ አፍንጫው ላይ እንዳይሆን። ሥራችሁን ስትጨርሱ አውርዳችሁ በጀርባው አስተኙት።

ትንሽ ሆኖ ለተወለደ ሕፃን ከእናት ደረት የሚበልጥ ቦታ የለም። በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የማሞቂያ ማሽን ያነሰው ሆስፒታል ሕፃናቱን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርጎ ማሰር ጀመረ፤ ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገር የሚመክረው ሆኗል፣ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። አስተሳሰሩን ጤና ጣቢያ ያሳዩአችኋል። እናት ስትተኛ ከወገቧ በላይ ቀና ብላ ትደገፍ፣ የሕፃኑ ፊት ወደ ጎን ዞሮ የተከፈተ ይሁን።

ስለ አንገት ክርም እንበል። ማተብም ሆነ ክታብ የእምነት ጉዳይ ስለሆነ አውልቁ አንልም። ግን ረጅምና ላላ ያለ ክር አንድ ነገር ላይ ተጠልፎ ሊያንቀው ይችላል። ሲተኛ ከአንገቱ አንሱለት ወይም የሃይማኖት አባቶቻችሁን አማክራችሁ በልብሱ ላይ ስፉት። የጡት እናት ማስቲካ፣ ዶቃና የተንጠለጠለ የአጎበር ገመድም ከአጠገቡ ይራቁ።

ከሰል ወደ ውጭ

በአንድ ሌሊት አንድን ቤተሰብ በሙሉ ሊወስድ የሚችለው ይህ ስለሆነ ጊዜ እንስጠው።

በመጋቢት 2018 በኢትዮጵያ ሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በተገደሉ ጊዜ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ኬንያ ተሻግረው ሶማሬንና ደምበላ ፈጫናን በመሳሰሉ ቦታዎች ተጠልለው ነበር። አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ያ ወቅት ደግሞ በኬንያ ከባድ ዝናብ የጣለበት ነበር። ዝናብ ሲመጣ ማንኛውም ሰው የሚያደርገውን እናውቃለን። ጂኮውን ወደ ውስጥ ያስገባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ውሃና ንፋስ እንዳይገባ ሸራውን ከታች በድንጋይና በአፈር ይደፍናል። ቤቱ ይሞቃል፣ ልጆቹ ይተኛሉ።

ፍም የሆነ ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል አየር ያወጣል። ቀለም የለውም፣ ሽታም የለውም፣ ዓይን አያቃጥልም። «ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል፣ አሁን ችግር የለውም» የሚለው አባባል ነው ሰው የሚያስጨርሰው። ይህ አየር በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል፤ ከደም ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ነው። ስለዚህ ጥቂቱ ብዙ ይጎዳል። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ከአዋቂው ቀድሞ ይመታል። በአመድ የተዳፈነ እሳትም ሌሊቱን ሙሉ ያወጣዋል። አንዳንዶች ጨው ሲበተንበት ወይም ከጎኑ ውሃ ሲቀመጥ ይጠፋል ይላሉ፤ አይጠፋም።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ የጉልበት መክዳት ነው። በአንድ ቤት ሁለት ሦስት ሰው በአንድ ሰዓት ራሱን ካመመውና ሕፃኑ ከወትሮው ከደነዘዘ ምች ነው ብላችሁ አትቀመጡ። ሁሉንም ወደ ውጭ አውጡ፣ ሸራውን ክፈቱ፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ወተት ማጠጣት አያድንም፣ የሚያድነው ንጹሕ አየር ነው።

ስለዚህ ከሰሉ ውጭ ይቀጣጠል፣ ምግቡም ቢቻል ውጭ ይብሰል። ዝናብ ካስገደደ በሩ ተከፍቶ አብስሉና ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃውን ከነፍሙ አውጡት። ከማታ ቡና በኋላ የሚቀረው ፍም እንዳይረሳ አባቶች ይህን ሥራ ብትወስዱት መልካም ነው። ከመኝታ በፊት እየዞሩ በር መዝጋት የቤቱ አባወራ ሥራ ነው፤ ምድጃ ማውጣቱም አብሮ ይሁን። ለብርዱ ልጆቹን ደራርቡላቸው፣ ከሥራቸው ካርቶን አንጥፉ፤ ብርድ ከላይ ይልቅ ከመሬት ነው የሚገባው።

አጎበር፣ ኩራዝና የሃይላንድ ጠርሙስ

የወባ ትንኝ የምትነክሰው ሌሊት ነውና ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ሁልጊዜ በአጎበር ሥር ይተኙ። አዲስ አጎበር ከመጠቀማችሁ በፊት አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ይናፈስ። ከእንጨቱ ወይም ከሸራው ማገር በአራት ገመድ ወጥራችሁ እሰሩት፤ ላልቶ የሕፃኑ ፊት ላይ እንዳይወድቅ። ጠርዙን ከሰሌኑ ሥር አስገቡት። ሲቆሽሽ በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። መድኃኒቱ 20 እጥበት ወይም 3 ዓመት ያህል ይቆያል። እኛ ባለንበት በማርሳቢት ካውንቲ ከወባ ሌላ ካላዛርም አለ፤ በ2014 በማርሳቢትና በዋጂር በወረርሽኝ መልክ ተነስቶ ነበር። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ከትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም፤ በምስጥ ኩይሳና በተሰነጠቀ አፈር ውስጥ ትኖራለች። ስለዚህ መኝታችሁን ከኩይሳ አርቁ። ሁለት ሳምንት ያለፈው ትኩሳትና የሆድ ማበጥ ያለበትን ልጅ ቶሎ አሳዩ። ጠዋትና ማታ ምንጣፉን ማራገፍም አይረሳ፣ ጊንጥ ሙቀት ትወዳለች።

አጎበር ባለበት ኩራዝና ሻማ አይቅረብ። አጎበር በእሳት ሲያዝ ቀልጦ ሰውነት ላይ ይጣበቃል። ሌሊት ጡት ለማጥባት ብርሃን ካስፈለገ የእጅ ባትሪ ወይም የፀሐይ መብራት ተጠቀሙ።

ከአንድ ዓመት በላይ ያሉ ልጆች ሌላ ጠባይ አላቸው። ሌሊት ይነቃሉ፣ ይጠማቸዋል፣ በጨለማ ዳብሰው ያገኙትን ይጠጣሉ። ነጭ ጋዝ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ከመኝታ አጠገብ ከተቀመጠ ልጁ ውሃ መስሎት ይጠጣዋል። ጋዙን ልጅ በማይደርስበት ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉ፤ የሚጠጣ ነገር በሚቀመጥበት ጠርሙስም አታድርጉት። ከጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉ፣ ሲያስመልስ ወደ ሳንባው ይገባልና። ወተትም አትስጡት፣ ወዲያው ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሩጡ።

ዝም ብሎ የሚተኛ ሕፃን

«ይሄ ልጅ እንዴት ጨዋ ነው፣ ምግብም አይጠይቅ፣ ዝም ብሎ ይተኛል» የሚባልለት ሕፃን እኛን ያስፈራናል። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት አለበት። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን ለመጥባት እምቢ ካለ፣ ካልነካካችሁት የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ በደቂቃ 60 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሰውነቱ ከጋለ ወይም ከቀዘቀዘ እስኪነጋ አትጠብቁ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቢሆንም ጎረቤት ቀስቅሳችሁ ኑ።

ሕፃኑን ስትነኩት ካልተንቀሳቀሰና ካልተነፈሰ ጮክ ብላችሁ ሰው ጥሩ። የእግሩን መዳፍ በጣታችሁ መታ አድርጉ፣ ጀርባውን እሹ። አትናጡት፣ ውሃም አትርጩበት። ካልነቃ ጠንከር ያለ ነገር ላይ በጀርባው አጋድሙት፤ ራሱ ወደ ኋላ አይቀልበስ፣ ወደ ፊትም አይታጠፍ፣ ቀጥ ይበል። አፉንና አፍንጫውን በአንድነት በአፋችሁ ሸፍናችሁ ጉንጫችሁ ውስጥ ያለውን አየር ያህል ብቻ 5 ጊዜ ቀስ ብላችሁ እፍ በሉ፤ ደረቱ ከፍ ሲል ይታያችኋል። አሁንም ካልተነፈሰ በሁለት ጣት የደረቱን መካከል፣ ከጡቶቹ መስመር ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ 4 ሳንቲሜትር ያህል እየተጫናችሁ 30 ጊዜ ፈጠን ፈጠን አድርጋችሁ ቁጠሩ፤ ከዚያ 2 ጊዜ እፍ በሉ። 30 እና 2 እያላችሁ ቀጥሉ። አንዱ ይህን ሲያደርግ ሌላው መኪና ወይም ሞተር ይፈልግ። በመንገድ ላይም አታቋርጡ።

ይህ በጽሑፍ ብቻ አይያዝም። በክትባት ቀን ወደ ጤና ኬላው ስትመጡ በተጠቀለለ ጋቢ ላይ እያሳየን እናለማምዳችኋለን፤ አባቶችና ታላላቅ እኅቶችም አብራችሁ ኑ። የሰፋችሁት ቅርጫት ካለም ይዛችሁ ኑ፣ ሌሎች እናቶች እንዲያዩት።